በሰዓቱ ክዳን ውስጥ የተጫረው

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው እንዲደነቅልኝ አይደለም። ከዚያ በፊት በእጄ ያለፈውን ሁሉ ሳላነበው እንዳሳለፍኩት እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው። አባቴ የሰጠኝ የእጅ ሰዓት ከእነዚህ አንዱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ግራ እጄ ላይ አስሬዋለሁ። ክዳኑ ውስጥ የተጫረውን ያነበብኩት ግን ባለፈው ክረምት ነው።

የደሴ ክረምት እንደሚታወቀው ነው፤ ጦሳ ተራራ ጭጋጉን ከተማው ላይ ጥሎ ሳምንት ሙሉ አያነሳም። ሰዓቱ መስታወቱን ከውስጥ አላበው፤ በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ። ብሞላው አልሄደም፣ ባወዛውዘው አልሄደም። ሥራዬ ምድጃና ቁልፍ መጠገን ነው። የቡታጋዝ ምድጃ እፈታለሁ፣ የዛገ ቁልፍ እፈታለሁ፤ ሰዓት ግን ፈትቼ አላውቅም ነበር። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ፣ አርባ ዓመት ሰዓት የሠሩ አንድ ሐጂ አሉ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ባትሪ ከመቀየር በቀር ሌላ አይነኩም። ሌሎቹ ሰዓት ሠሪዎች ሁሉ ስልክ ጠጋኝ ሆነዋል። እንግዲህ ማን ይሠራዋል? ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። አጉሊ መነጽር፣ ሦስት ቀጫጭን መፍቻና የሰዓት ዘይት ከሐጂ ተዋስኩ። ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩም። እኔ ድካም መስሎኝ ነበር።

ስለ ሰዓቱ መናገር አለብኝ። አባቴ የኩታበር ገበሬ ነበር። በአንድ ክፉ ጊዜ አንድ የደሴ ነጋዴ ዕቃውን አባቴ ዘንድ አማና ብሎ በአደራ አስቀምጦ ሸሸ። ሲመለስ አባቴ ዕቃው የታሰረበትን ገመድ እንኳ ሳይፈታ አስረከበው። ነጋዴው ከገዛ እጁ ሰዓቱን ፈትቶ አባቴ እጅ ላይ አሰረ። ጥሩ የስዊስ ሰዓት ነበር፣ ማሽኑ ውስጥ ቀያይ ድንጋይ ያለው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ሰዓቱንም እያየ ጊዜውን የሚገምተው በጥላው ነበር። ቢሆንም በየሁለት ዓመቱ ደሴ ይመጣና ሐጂ ዘንድ ያሳጥበዋል።

ሐጂ ሁለት ልማድ አላቸው። አንደኛው በርጩማ ነው። ሰዓት ሲፈቱ ባለቤቱን አጠገባቸው በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ ክዳኑ እስኪገጠም አይነሳም። «የሰው ሰዓት ብቻዬን አልፈታም፤ ኋላ ልቤን ሰረቅከኝ ይለኛል» ይላሉ። ልብ የሚሉት ማሽኑን ነው። ሌላኛው ልማዳቸው መርፌ ነው። አንድን ሰዓት መጀመሪያ የከፈቱት ቀን ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ በመርፌ ይጭሩታል፤ ከጎኑ ትንሽ ጨረቃ ይስላሉ። በከፈቱት ቁጥር አንድ ጨረቃ ይጨምራሉ። ለአባቴ ያሉትን እሱ እየሳቀ ለእኔና ለወንድሜ ስንት ጊዜ ነግሮናል።

«ሁለቱ ቁጥር የተለያየ ዕለት በመሐል ሌባ አልፏል ማለት ነው» አሉት።

«እኔ ምኑን አነበዋለሁ ሐጂ?»

«አንተ ባታነብ ልጅህ ያነበዋል።»

ልጅህ ሲሉ ወንድሜን ነው። ታላቄ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባው እሱ ነው። አባቴ ሁለት ልጅ ማስተማር አልቻለም። ለእሱ ደብተር ለእኔ በሬ ደረሰን። በዚያ ጊዜ አልተቀየምኩም፤ አንዱ ቢማር ለሁላችን ነው ተባልን፣ አመንን። ተምሮ ኮምቦልቻ ወረደ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነ፣ ቤት ሠራ።

አባቴ መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት ተኛ። ደሴ እኔ ቤት አምጥቼ አስታመምኩት። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ለሶላት ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ በየጁምዓው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይመለሳል። አንድ ጁምዓ ወንድሜ ባለበት አባቴ ሼኹንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስጠራና «ሰዓቱን ለታናሹ እሰጣለሁ» አለ። ሼኹ በሕጋችን ለወራሽ ኑዛዜ እንደሌለ ነገሩት፤ ሌላው ወራሽ ወድጃለሁ ካለ ብቻ ነው የሚሆነው። ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ትወዳለህ?»

«ወድጃለሁ» አለ ወንድሜ። «ሐላል ይሁንለት።»

ሰዓቱን ከአባቴ እጅ ፈትቶ እኔ እጅ ላይ ያሰረውም ራሱ ወንድሜ ነው። እኔ አለቀስኩ። ዕድሜዬን በሙሉ አባቴ «ይኸ የአንተ ብቻ ነው» ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ያ ሰዓት ነው።

አባቴ በተቀበረ በአርባው ገደማ ወንድሜ መጣ። «ሰዓቱ መታጠብ አለበት» አለኝ። «ኮምቦልቻ ጎበዝ ሠሪ አለ። ለሐጂ እንዳትሰጠው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።» ሰጠሁት። ወንድሜ ነዋ! በርጩማ ላይ የምቀመጠው ለባዳ እንጂ ለወንድሜ ነው እንዴ? በሁለት ሳምንቱ አብረቅርቆ መጣ። እሱም በዚያው ሰሞን ለራሱ ወርቅማ ሰዓት ገዝቶ ነበር። «አየህ፣ አንድ ዓይነት ሥሪት ነው። ወንድማማች ሆንን» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቴ መዘግየት ጀመረ። በቀን ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ። እኔ ያኔ ሰዓት ማየት አልችልም፤ መዘግየቱን የምሰማው ከወንድሜ ነው። በየዒዱ ኮምቦልቻ ስንወርድ እንግዳ በተሞላበት ሳሎን ይጠራኛል።

«እስቲ የአባባ ወራሽ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

እጄን እዘረጋለሁ። ከልጆቹ አንዱ ያነብልኛል። ወንድሜ የራሱን አይቶ «ኧረ አቦ! ሰዓትህም እንዳንተ ከእንቅልፉ አልነቃም» ይላል። ቤቱ ይስቃል። ከዚያ እጄን ይዞ መሙያውን ስቦ በራሱ ሰዓት ያስተካክልልኛል። እኔም አመሰግነዋለሁ። አመሰግነዋለሁ!

አንድ ጊዜ ለሐጂ ላሳያቸው ብዬ ሱቃቸው ገባሁ። «ወንድምህ ላሠራበት ሰው ውሰደው፤ ሰው የነካውን አልነካም» ብለው መለሱኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ በእግር ስንወጣ ቤት ሙሉ ዕቃ ጥዬ ያንን ሰዓት በካልሲዬ ውስጥ ቋጥሬ ወጣሁ። ሚስቴ ሐርቡ ስንደርስ እግሬ ቆስሎ አየችና «ለዚህ ለማይሠራ ነገር ነው ቁርጭምጭሚትህን ያቆሰልከው?» አለችኝ። «የአባቴ ነው» አልኳት።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። ክዳኑን በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ሳላየው ወደ ጎን ገለበጥኩት፤ ዓይኔ ማሽኑ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሞላውን፣ ያንን የተጠቀለለ ብረት፣ ማላላት ያስፈልጋል፤ ተጨንቆ ሳለ ብትፈታው ጥርሶቹን ሁሉ ይበትናቸዋል። ይህን ከሐጂ በርጩማ አጠገብ ቆሜ ሳይ ተምሬያለሁ። ጥርሶቹን በተፈቱበት ተራ በየጠርሙስ ክዳኑ አስቀመጥኩ፣ ላያቸው ላይ ብርጭቆ ደፋሁ። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘውን ቀለበት በትንፋሼ እንኳ ፈርቻት ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ቤንዚን ውስጥ ነከርኩ፣ በቀለም ብሩሽ አጠብኩ፣ ድንጋዮቹ ያሉበትን ቀዳዳ በተሳለ የእንጨት ስንጥር አዙሬ ጠረግኩ። ስንጥሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እስኪነጣ ትደጋግማለህ።

አንዲት ብሎን አመለጠችኝ። የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ሚስቴ ወለሉን ጠረገችና የጠረገችውን በወንፊት ነፋችው። ብሎኗ ተገኘች። «በጋብቻችን የነፋሁልህ ትልቁ እህል ይኸ ነው» አለች። ሳቅን። የዚያን ቀን የመጨረሻው ሳቅ ነው።

ማሽኑን መልሼ ገጥሜ ዘይቱን በመርፌ ጫፍ ሰጠሁት። ቀለበቷ ተነስታ ተወዛወዘች። ወላሂ፣ ልጅ የተወለደልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ከዚያ ክዳኑን ልገጥም አነሳሁት። ውስጡን ላጸዳ በአጉሊ መነጽሩ ስጠጋ ጨረቃዎቹን አየኋቸው። ስድስት ናቸው። ከጨረቃዎቹ በላይ የቁጥር መስመር አለ። ደስ አለኝ፤ አባቴ የነገረን ቁጥር ይኸ ነው፣ አሁን ላነበው እችላለሁ። «ልጅህ ያነበዋል» የተባለው ልጅ እኔ ልሆን ነው።

ክዳኑ ላይ ያለው በሰባት ያልቃል። ማሽኑ ላይ የተቀረጸው በአንድ ያልቃል። መጀመሪያውም አይገጥምም፣ መሐሉም አይገጥምም።

በትልቅነቱ ማንበብ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር አነበብኩ። በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው። ቁጥር ማንበብ አልጠፋብኝም። ተመልሼ ክዳኑን አነበብኩ። በሰባት ያልቃል።

ሰዓቱን በመሐረብ ይዤ ሐጂ ዘንድ ተሻገርኩ። ክዳኑን ከፍቼ ፊታቸው አኖርኩት።

«ሐጂ፣ ይህን ያንብቡልኝ።»

አላነበቡም። መነጽራቸውን እንኳ አላነሱም። «ደረስክበት?» አሉኝ።

«ምኑን ነው የደረስኩበት?»

«ወንድምህ መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ሁለት ሰዓት ይዞ። የአባትህን ልብ ወደ ወርቅማው ያዙሩልኝ፣ የወርቅማውን ወደዚህ አለኝ። ያ የወርቅማው ልብ የታመመ ነበር። ላ! አይሆንም አልኩት፤ አስወጣሁት። እሱም ሠሪ አላጣም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው?»

«በወንድማማች መሐል ነገር ማመላለስ ከባድ ወንጀል ነው ልጄ። አላህ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እንደምጠይቅዎ አልፈሩም?»

ዕድሜ ልኬን «ሐጂ ሐቀኛ ናቸው» ብዬ የመሰከርኩላቸው ሰው ናቸው። በርጩማው አጠገባቸው ነበር። እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሰዓቱን ጠብቋል፤ እኔ ብቻ የሚጠብቅልኝ አጣሁ። ለራሳቸው ጽድቅ እኔን ከፈሉበት። ሰላም ሳልል ወጣሁ።

ሚስቴ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተለሳለሰች። «ሽማግሌ እንላክ። ዱአ ተደርጎ ይታረቃል። ወንድም ነው።»

«ሽማግሌ ፊት ወድጃለሁ ብሎ ነበር» አልኳት። «ለምን ሌላ ሽማግሌ እጨምርለታለሁ?»

በማግስቱ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቁልቁለቱን እንደጨረስን ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ወንድሜ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወፍሯል። ወርቅማው ሰዓት እጁ ላይ ነው።

«አህለን! የአባባ ወራሽ!» አለ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ክዳኑን ገለበጥኩ። ቁጥሩን በአፌ አነበብኩለት፣ አንድ በአንድ። ከዚያ የማሽኑን አነበብኩለት። ፊቱ ተለዋወጠ። አባባ ደጋግሞ የነገረን ቁጥር እንደሆነ ያውቃል፤ አብረን ነው የሰማነው።

ዕድሜዬን በሙሉ «አንቱ» የምለው ታላቄ ነው። በዚያች ደቂቃ ከአፌ ወጣ። «ለምን?» አልኩት። «አንተ፣ ለምን?»

መጀመሪያ ካደ። ሠሪው ተሳስቶ ይሆናል አለ። የሐጂን ነገር ስነግረው መካዱን ተወ። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች፤ ፊታችንን አይታ ትሪውን እንዳስቀመጠች ተመለሰች።

«እኔም ልጁ ነኝ» አለኝ። «በኩሩ እኔ ነኝ። በአገሩ ፊት የአባቴን ሰዓት ለታናሼ አሰርኩ። ምን ተሰማህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?»

«ወድጃለሁ ብለሃል።»

«አፌ ነው የወደደ። የሚሞት አባት ፊት ምን ልበል?»

«ሰው የሚሰማው አፍህን ነው። ልብህን ሼኹ በምን ይስማው?»

ወርቅማውን ሰዓት አሻሸ። «ደግሞስ አንተ ያኔ ሰዓት ማየት ትችል ነበር? ጥላ እያየህ ነበር የምትሰግደው። ሳጥኑም መልኩም የአባባ ነው፤ ትዝታው ይበቃዋል አልኩ። ምን ጎደለብህ?»

ይህን ሁሉ ልተወው እችል ነበር። ቅናት ነው፤ ቅናት የሰው ነው። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም።

«ቁጥሩ እዚያ እንዳለ ታውቃለህ። በአሸዋ ወረቀት አንዴ ብታሸው ይጠፋ ነበር። ለምን አልፋቅኸውም?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ማን ያነበዋል ብዬ።»

በሬ ስነዳ እሱ ደብተር ይዞ ሲሄድ አልተቀየምኩም። በዒዱ ሳሎን ሲስቅብኝ አልተቀየምኩም። ሰዓቱን ሲሰርቀኝ እንኳ የሰረቀኝ ሰዓት ነው። ያቺ ቃል ግን ሌላ ናት። የሌብነቱን ማስረጃ እጄ ላይ አስሮልኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ይዤው እንድዞር አድርጎ፣ ተኝቶ አድሯል። እኔ ላይ የነበረው እምነት ይኸ ብቻ ነው፤ ደንቆሮ ሆኜ እንደምሞት።

«ፍታው» አልኩት።

«ነገ ሠሪ ዘንድ ወስጄ…»

«ወስደህ አይቻለሁ። ፍታው።»

ፈታው። መፍቻዎቹን ከኪሴ አወጣሁ። እዚያው በረንዳው ላይ፣ የሻዩን ትሪ ገፍቼ፣ ነጩን ጨርቄን አነጠፍኩ። ወርቅማውን ከፈትኩት። የማሽኑን ቁጥር አየሁ፤ በሰባት ያልቃል። ከዚያ የሁለቱንም ዘንጎችና ፊቶች አንስቼ ልባቸውን አዘዋወርኩ። የአባቴ ልብ ወደ አባቴ ሳጥን ገባ። ያጠብኩት፣ ያዘየትኩት፣ ልጅ እንደተወለደልኝ የተደሰትኩበት ያ የባዳ ማሽን ለወንድሜ ወርቅማ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እስካለው የዐስር ሶላት አዛን ድረስ ፈጀብኝ። ወንድሜ አንዴም አልተነሳም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም። ወንበሩን አስጠግቶ ዓይኑን ከጣቶቼ ላይ አልነቀለም፣ ሠሪውን ያላመነ ሰው የሐጂ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ። እኔን ነው የሚጠብቀው፣ አንድ ነገር እንዳልሰርቀው!

ከመግጠሜ በፊት በክዳኑ ውስጥ፣ ከስድስቱ ጨረቃ በታች፣ በመርፌ ጫርኩ። ለረጅም ጊዜ ጫርኩ፤ የእኔ ጽሑፍ እስካሁንም ቀስ የሚል ነው።

«ምን ጻፍክበት?» አለኝ አንገቱን አስግጎ።

«የተማርከው አንተ ነህ። አንብበው።»

ዓይኑን አጠበበ፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበለ፣ አልቻለም። ጽሑፉ ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። መነጽሩን ከዓይኔ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ክዳኑን ገጠምኩ።

ሰዓቱ አሁንም በቀን ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። ዘይት አብዝቼበት ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ጥፋት የእኔ ነው፣ ስለዚህ አላማርርም። ጠዋት ጠዋት ራሴ አይቼ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ያለፈው ዒድ ሚስቴ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አልተነሳሁም፤ ብቻዋን ኮምቦልቻ ወረደች።